የእንግሊዝኛ የማዳመጥና የማንበብ ችሎታ ፈተና በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

የእንግሊዝኛ የማዳመጥና የማንበብ ችሎታ ፈተና ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የተነገረን ወይም የተጻፈን መልእክት ምን ያህል እንደሚረዱ የሚለካ ምዘና ነው። በኢትዮጵያ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ስለሆነ፣ ሁለቱ ችሎታዎች ከሒሳብ እስከ ታሪክ ላሉት ትምህርቶች ሁሉ መሠረት ናቸው። ይሁን እንጂ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚለካው ማንበብ ብቻ ነው። ማዳመጥ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የራሱ ክፍል ቢኖረውም በብሔራዊው ፈተና አይጠየቅም። ስለዚህ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ችሎታ፣ ማለትም በእንግሊዝኛ የሚሰጥን ገለጻ ሰምቶ መረዳት፣ ሳይመዘን ያልፋል።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ችሎታዎች እንዴት እንደሚመዘኑ ያብራራል። ለምሳሌ የሚወስደውም በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘውን የካ ክፍለ ከተማንና ከበላዩ ያለውን የእንጦጦ ተራራ አካባቢ ነው።

የእንግሊዝኛ ቦታ በትምህርት ሥርዓቱ

ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በተቋቋመው ዘመናዊ ትምህርት እንግሊዝኛ ዋና የማስተማሪያ ቋንቋ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲቀጥል ተደረገ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥና በሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ።

ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የሚሸጋገሩበት ክፍል ከክልል ክልል ይለያያል። በአንዳንድ ክልሎች ሽግግሩ በ9ኛ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን ተማሪዎች እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረው ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ሲሸጋገሩ ቆይተዋል። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከዝቅተኛ ክፍሎች ጀምረው አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። በዚህም የተነሳ በአንድ ሰፈር ያደጉ ሁለት ተማሪዎች 9ኛ ክፍል ሲደርሱ በእንግሊዝኛ ሲማሩ የቆዩባቸው ዓመታት እኩል አይደሉም።

ስለ ችግሩ የተነገረው ዛሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ገደማ፣ ስቶዳርት የተባሉ ባለሙያ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ስለ እንግሊዝኛ አጠቃቀም ባዘጋጁት ጥናት፣ ቋንቋው የማስተማሪያ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የትምህርት እንቅፋት ወደ መሆን መድረሱን አመልክተዋል። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ በተካሄዱት የመጀመሪያዎቹ ብሔራዊ የትምህርት ምዘናዎችም የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች አማካይ የእንግሊዝኛ ውጤት ከ50 በመቶ በታች ነበር።

የፈተናው ታሪክ

የ12ኛ ክፍል ፈተና እስከ ዛሬ በሕዝቡ ዘንድ «ማትሪክ» ይባላል። ስያሜው ቀደምት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ይወስዱት ከነበረው የለንደን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና የቀረ ነው። ከዚያ በኋላ በአገር ውስጥ የተዘጋጀው የትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና ለበርካታ አሥርት ዓመታት አገልግሏል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሥርዓቱ ተለውጦ አንድ ብሔራዊ ፈተና በ10ኛ ክፍል፣ ሌላ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ደግሞ በ12ኛ ክፍል መሰጠት ጀመረ። የ10ኛ ክፍሉ ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል።

የፈተና ዘዴው ግን በእነዚህ ለውጦች ሁሉ ብዙም አልተለወጠም። የእንግሊዝኛ ፈተና ምርጫ የሚመረጥበት ሲሆን፣ ተፈታኙ መልሱን በማሽን በሚታረም የመልስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ያጠቁራል። ለበርካታ ዓመታት ፈተናው 120 ጥያቄዎች ነበሩት፤ የተመደበለት ጊዜም ሁለት ሰዓት ነበር። ይህም ምንባብ ማንበቢያውን ጨምሮ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ማለት ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ፈተናውን በየትምህርት ቤታቸው መውሰዳቸው ቀርቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ ተደረገ። ዓላማው ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን መከላከል ነበር። በዚያ ዓመት ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከማለፊያው በታች ካመጡት የተወሰኑት በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ የተደረገ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከማካካሻ ትምህርቶቹ አንዱ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የሁሉም ትምህርቶች ድምር ውጤት እንጂ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደሉም። ሆኖም የፊዚክስ፣ የባዮሎጂ፣ የጂኦግራፊና የታሪክ ጥያቄዎች የሚቀርቡት በእንግሊዝኛ ነው። የባዮሎጂ ጥያቄን የሳተ ተማሪ ትምህርቱን ባለማወቁ ይሁን ጥያቄውን አንብቦ ባለመረዳቱ ከመልስ ወረቀቱ አይለይም። በዚህ ረገድ መላው የ12ኛ ክፍል ፈተና የእንግሊዝኛ የማንበብ ፈተናም ነው ማለት ይቻላል።

የማንበብ ፈተና

የማንበብ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ አራት ነገሮችን ይለካል፦ የምንባቡን ዋና ሐሳብ መለየት፣ በግልጽ የተጻፈ ዝርዝር መረጃ ማግኘት፣ የማያውቁትን ቃል ከዐውዱ መገመት፣ እና በግልጽ ያልተጻፈውን ከተጻፈው መረዳት። የመጨረሻው ከሁሉ የከበደ ነው። ምክንያቱም ተማሪው ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ከመተርጎም አልፎ ጸሐፊው ምን ለማለት እንደፈለገ ማሰብ ይኖርበታል።

አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ በእንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገር አሠራር ልዩ ችግር ይገጥመዋል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ስምን የሚገልጽ ሐረግም ከስሙ ይቀድማል። «ትናንት ከገበያ የገዛሁት መጽሐፍ» ሲባል መጽሐፉ የሚመጣው ገለጻው ካለቀ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «መጽሐፍ» የሚለው ቃል ቀድሞ ይመጣና ገለጻው ይከተላል፤ ዋናው ግስ ደግሞ ከገለጻው በኋላ ሩቅ ሊቀመጥ ይችላል። በረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱንና ግሱን ማገናኘት ያልለመደ ተማሪ ቃላቱን ሁሉ እያወቀ ሐሳቡ ሊያመልጠው ይችላል።

ጥሩ የማንበብ ጥያቄ ማዘጋጀት ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ስለ ባሕር ዛፍ የሚናገር የእንግሊዝኛ ምንባብ ተሰጥቶ «የእንጦጦ ሴቶች ከተራራው ምን ተሸክመው ይወርዳሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ በየካ ወይም በጉለሌ ያደገ ተማሪ ምንባቡን ሳያነብ «ማገዶ» ብሎ ይመርጣል። ጥያቄው የለካው ማንበብን ሳይሆን የሰፈር ዕውቀትን ነው። በአንጻሩ ምንባቡ የከርሰ ምድር ባቡር ስለሚጠቀሙ ተሳፋሪዎች ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ባቡር አይቶ የማያውቅ ተማሪ ቋንቋውን እየቻለም ሊደናገር ይችላል። ስለዚህ አዘጋጆች ርዕሰ ጉዳዩ ለሁሉም ተፈታኞች እኩል የታወቀ ወይም እኩል አዲስ እንዲሆን ይጥራሉ፤ ጥያቄውም ምንባቡን ላላነበበ ሰው እንዳይመለስ አድርገው ያዘጋጃሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ «ጸሐፊው በሁለተኛው አንቀጽ ስለ ባሕር ዛፍ ያለው አስተያየት በመጀመሪያው አንቀጽ ካለው በምን ይለያል?» የሚለው ጥያቄ ምንባቡን ማንበብ ግድ ይላል።

ሌላው ጉዳይ ግምት ነው። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ በጭፍን የሚመርጥ ተፈታኝ በአማካይ ከአራቱ አንዱን ያገኛል። ከ120 ጥያቄዎች 30 ያህሉ ምንም ሳይነበብ ሊመለሱ ይችላሉ ማለት ነው። በመሆኑም ዝቅተኛ ውጤቶች እርስ በርስ ሲቀራረቡ ልዩነቱ የችሎታ ይሁን የዕድል ለማወቅ ያስቸግራል። ይህን ለመቀነስ የተሳሳቱት አማራጮች በከፊል ለተረዳ ተማሪ እውነት የሚመስሉ መሆን አለባቸው። ማንም የማይመርጠው አማራጭ ካለ ጥያቄው የሦስት ወይም የሁለት ምርጫ ጥያቄ ይሆናል።

የማዳመጥ ፈተና

በማዳመጥ ፈተና ተፈታኙ የተቀዳ ንግግር ወይም ውይይት ይሰማና ጥያቄ ይመልሳል። ከማንበብ የሚለይበት ዋና ነገር ጊዜ ነው። አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይችላል፤ አድማጭ ግን ያመለጠውን ቃል አያገኘውም። ስለዚህ አድማጩ ድምፆችን መለየት፣ ቃላትን መነጠል፣ የተባለውን በአእምሮው መያዝና ቀጣዩን መከታተል በአንድ ጊዜ ያከናውናል።

አንዳንድ የእንግሊዝኛ ድምፆች በአማርኛ ስለሌሉ አማርኛ ተናጋሪ ሊለያቸው ይቸገራል። አማርኛ አጭርና ረጅም «ኢ»ን አይለይም። ስለዚህ «መኖር» የሚለው «ሊቭ» እና «መልቀቅ» የሚለው «ሊይቭ» አንድ ሆነው ሊሰሙ ይችላሉ። «መርከብ» እና «በግ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላትም እንዲሁ ናቸው። በምላስ ጫፍና በጥርስ መካከል የሚነገረው የእንግሊዝኛ ድምፅ በአማርኛ አፍ አብዛኛውን ጊዜ «ዝ»፣ «ስ» ወይም «ት» ይሆናል። በቃል መጀመሪያ ላይ ተነባቢዎች ሲደራረቡ አማርኛ ተናጋሪ «እ» ይጨምራል፤ «እስፖርት» ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው።

ከድምፆቹ ይልቅ የሚያስቸግረው የቃል ጥብቀት ነው። እንግሊዝኛ የቃሉን አንዱን ክፍል አጥብቆ ሌላውን ያላላል፤ በፈጣን ንግግር የላላው ክፍል ሊጠፋ ይችላል። 15 ቁጥር «ፊፍቲን»፣ 50 ቁጥር ደግሞ «ፊፍቲ» ሲሆን፣ በፍጥነት ሲነገሩ የሚለዩት በዋናነት በጥብቀቱ ነው። «ይችላል» የሚለው «ካን» እና «አይችልም» የሚለው «ካንት» ልዩነታቸው ትንሽ ሆኖ ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው። ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው በዝግታ ሲነበብለት የኖረ ተማሪ፣ ሰው እንደሚነጋገረው የተቀዳ እንግሊዝኛ ሲሰማ በጽሑፍ የሚያውቃቸውን ቃላት እንኳ ላይለያቸው ይችላል።

ፈተናው በትምህርት ላይ ያለው ተጽዕኖ

የምዘና ባለሙያዎች አንድ ፈተና በክፍል ትምህርት ላይ የሚያደርገውን ጫና የፈተና የኋልዮሽ ተጽዕኖ ይሉታል። የሚፈተነው ይጠናል፤ የማይፈተነው ይዘለላል። «ኢንግሊሽ ፎር ኢትዮጵያ» በተባሉት የመማሪያ መጻሕፍት እያንዳንዱ ምዕራፍ የማዳመጥ፣ የመናገር፣ የማንበብና የመጻፍ ክፍሎች አሉት። የማዳመጫው ጽሑፍ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ታትሞ፣ መምህሩ ለክፍሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው የታሰበ ነው። ተማሪው በዚህ መንገድ የሚሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ሰዋስው፣ የቃላት ፍቺና የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎች ቅድሚያ ያገኛሉ፤ የማዳመጥ ክፍሉ በዚያ ጊዜ ለመዝለል የቀለለ ነው።

ማዳመጥን በሰፊው ወደ ክፍል ያስገባው ትልቁ ሙከራ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጀመረው በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ነው። ተማሪዎች «ፕላዝማ» የሚሉት ይህ ትምህርት በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይቀርብ ነበር። በመላ አገሪቱ ያሉ ተማሪዎች በየቀኑ ከመምህራቸው ውጪ የሌላ ሰው እንግሊዝኛ እንዲሰሙ አድርጓል። በአንጻሩ የንግግሩ ፍጥነትና የአነጋገሩ ዘዬ እንዳስቸገራቸው ተማሪዎችም መምህራንም ይናገሩ ነበር። ያልገባው ተማሪ ስርጭቱን ማስቆም አይችልም፤ መብራት ከጠፋም ትምህርቱ ያልፋል። ያም ሆኖ ከስርጭቱ ምን ያህል ሰምተው እንደተረዱ የሚለካ የማዳመጥ ክፍል በብሔራዊ ፈተናው አልተጨመረም።

በየካ ክፍለ ከተማ

የካ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። ሰሜናዊ ጠርዙ ወደ እንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ይወጣል፤ በባሕር ዛፍ የተሸፈነው ተዳፋት ከታች ላሉት ሰፈሮች ለረጅም ዘመን የማገዶ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ኮከበ ጽባሕና ደጃዝማች ወንድይራድ በክፍለ ከተማው ከሚታወቁት አንጋፋ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል ናቸው።

በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢም በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ቋንቋው ለአካባቢው በቦታ ቅርብ ቢሆንም በሕይወት ግን ሩቅ ነው። የብዙ ተማሪዎች የቤትና የመንገድ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛን ከክፍል ውጪ የሚሰሙት በፊልም፣ በዘፈንና በስልክ ነው። ወላጆቻቸው በጉልበት ሥራ ለሚተዳደሩ ልጆች የክፍሉ መምህር ዋናው፣ አንዳንዴም ብቸኛው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል።

በዚህም ምክንያት የመምህራን ሥልጠና ከፈተናው ጋር በቀጥታ ይያያዛል። በኮተቤ የሚገኘው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1959 እንደ መምህራን ማሠልጠኛ የተጀመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ አሁኑ ግቢ ተዛወረ። ከዚያም ኮሌጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ እየተባለ ቆይቶ ዛሬ በትምህርት ሙያ ላይ የሚያተኩር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመምህራንን እንግሊዝኛ ለማሻሻል ሰፊ የሥልጠና መርሐ ግብር ተካሂዷል።

በሌሎች አገሮች

በቻይና እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ አይደለም፤ ተማሪዎች ፊዚክስንም ታሪክንም በቻይንኛ ይማራሉ። ሆኖም «ጋኦካኦ» በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እንግሊዝኛ ከ750 ጠቅላላ ነጥብ 150ውን ይይዛል። በብሔራዊው የፈተና ወረቀት ከ150ው 30 ነጥብ የማዳመጥ፣ 50 ነጥብ ደግሞ የማንበብ ነው። የማዳመጥ ክፍሉ 20 ጥያቄዎች አሉት፤ አጫጭሮቹ ንግግሮች አንድ ጊዜ፣ ረጃጅሞቹ ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። በቤጂንግ ማዳመጥና መናገር በኮምፒውተር ተፈትነው በድምሩ 50 ነጥብ ይይዛሉ።

በደቡብ ኮሪያ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ከ45ቱ የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች 17ቱ የማዳመጥ ናቸው። ይህ ክፍል በሚሰጥበት ጊዜ በመላ አገሪቱ አውሮፕላኖች እንዳይነሡና እንዳያርፉ ይደረጋል። ጃፓን የማዳመጥ ፈተናን እ.ኤ.አ. በ2006 ስትጀምር ለእያንዳንዱ ተፈታኝ አነስተኛ ማጫወቻ ሰጥታለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በጃፓን የጋራ ፈተና ማንበብና ማዳመጥ እያንዳንዳቸው 100 ነጥብ አላቸው።

በውጭ አገር ለመማር የሚያመለክቱ ኢትዮጵያውያን የሚወስዱት «አይኤልትስ» የተባለው ዓለም አቀፍ ፈተናም ለሁለቱ ችሎታዎች እኩል ቦታ ይሰጣል። ማዳመጥ 40፣ ማንበብም 40 ጥያቄዎች አሉት፤ የማዳመጥ ክፍሉ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በነጥብ የሚያዝ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጋጥማቸው በዚህ ፈተና ነው።

የማዳመጥ ፈተና ለመጀመር የሚያስፈልጉ ሁኔታዎች

በወረቀት ፈተና ማዳመጥን መጨመር ሦስት ዋና ችግሮች አሉበት። አንደኛው የድምፅ እኩልነት ነው፤ በትልቅ አዳራሽ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ የተቀመጠና ከኋላ ጥግ ያለ ተፈታኝ እኩል አይሰሙም። ሁለተኛው የመብራት መቆራረጥ ነው፤ ንግግሩ መሐል ላይ ቢቋረጥ ፈተናውን እንደገና ማስጀመር ለአንዱ አዳራሽ ተጨማሪ ዕድል ይሰጣል። ሦስተኛው የመስማት ችግር ላለባቸው ተፈታኞች ፍትሐዊ አማራጭ ማዘጋጀት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር በበይነ መረብ መሰጠት ጀምሯል። በኮምፒውተር የሚፈተን ተማሪ የጆሮ ማዳመጫ ሊያደርግ ስለሚችል የአዳራሽ ድምፅ ልዩነት ይቀራል፤ የተቋረጠ ንግግርም ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል። በዚህ ዘዴ የሚፈተኑ ተማሪዎች ቁጥር ሲጨምር ለማዳመጥ ፈተና የሚያስፈልገው መሣሪያ አብሮ ይስፋፋል።

ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ግን ትምህርቱ መቅደም አለበት። ማዳመጥ በድንገት ወደ ብሔራዊ ፈተና ቢገባ፣ ከልጅነታቸው በእንግሊዝኛ የተማሩትን የሚጠቅምና በመንግሥት ትምህርት ቤት ያደጉትን የሚጎዳ ይሆናል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የምዘና ሥርዓቶች አዲስ ችሎታን መጀመሪያ በክፍል ውስጥ ምዘና፣ ቀጥሎ ውጤቱ በማይቆጠር ሙከራ ካለማመዱ በኋላ በነጥብ ያስገቡታል።